በሬዲዮ የተወረረችው አሜሪካ፣ በእውነት የተቃጠለው የኪቶ ሬዲዮ

"ቲቸር፣ አንድ የሬዲዮ ድራማ አሜሪካን ሙሉ አሸበረ የሚባለው እውነት ነው እንዴ?" ብሎ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። አጭሩ መልስ "በከፊል" ነው። ረጅሙ ግን ኮሜንት ላይ የሚያልቅ ስላልሆነ ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ልጻፈው። ቡናችሁን ያዙ፣ ረዘም ይላል።

ሳይንሳዊ ልቦለድ ውስጥ "ትይዩ ዓለም" የሚባል የታወቀ ጨዋታ አለ። ደራሲው የምናውቀውን ዓለም እንዳለ ይወስድና አንዲት ነገር ብቻ ይቀይራል። ከተማው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ሰዓቱ ያው፤ አንድ ነገር ግን ሌላ። ይህን በመጽሐፍ ስታነቡት ሽፋኑ እጃችሁ ላይ ስለሆነ ልብ ወለድ መሆኑን አትረሱም። ሲኒማ ቤትም ቲኬት ቆርጣችሁ ነው የገባችሁት። ሬዲዮ ግን ሽፋንም ቲኬትም የለውም። ዜናውም፣ ዘፈኑም፣ ድራማውም፣ የሐዘን መግለጫውም የሚመጣው ከዚያችው አንዲት ሳጥን ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮን ድራማ ቤተሰብ ሙሉ ተሰብስቦ፣ ሕፃን እንዳይረብሽ ዝም እየተባለ ያዳመጠ ትውልድ ይህ አይጠፋውም።

ወደ ነገሩ ልግባ። ቀኑ እሑድ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1938፣ በእኛ ጥቅምት 20 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።) ቦታው ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ጎዳና ላይ ያለው የሲቢኤስ ሬዲዮ ሕንፃ። ሰዓቱ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 2 ሰዓት። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ አንድ የታወቀ መጽሐፍ ወደ ድራማ እየቀየረ የሚያቀርብ የቲያትር ቡድን ነው። አለቃው ኦርሰን ዌልስ ይባላል፤ ዕድሜው 23። በ23 ዓመታችን እኛ ምን እንሠራ እንደነበር ባናነሳው ይሻላል።

ፕሮግራሙ ስፖንሰር አልነበረውም። አድማጭም ብዙ አልነበረውም፣ ምክንያቱም በዚያው ሰዓት በተቀናቃኙ ኤንቢሲ አሜሪካ የምትወደው ኮሜዲ ይተላለፍ ነበር። የኮሜዲው ኮከብ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ የእንጨት አሻንጉሊት የሚያናግር ሰው ነው። እስቲ አስቡት፤ ከንፈሩን በማያዩበት ሬዲዮ ላይ ከንፈር ያለማንቀሳቀስ ጥበብ! ሆኖም ሕዝቡ ለአሻንጉሊቱ ሞቶለት ነበር።

የዚያ ሳምንት ተራ የደረሰው እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1898 ያሳተመው "የዓለማት ጦርነት" የሚለው ልቦለድ ነበር። (ሁለቱ ዌልሶች ዘመዳሞች አይደሉም፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸውም ይለያያል። እዚህ እንዳይደበላለቁ ደራሲውን ሽማግሌው ዌልስ እለዋለሁ።) ልቦለዱ የማርስ ፍጡራን እንግሊዝን ሲወርሩ የሚያሳይ ነው። ድርሰቱን ወደ ሬዲዮ እንዲያመጣ የታዘዘው ሃዋርድ ኮክ የተሰጠው ጊዜ ስድስት ቀን ገደማ ነበር። እሱም ሆነ ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ታሪኩ ያረጀ፣ ለሬዲዮ የማይመች መስሏቸው ተነጫንጨዋል። ያዳነው አንድ ሐሳብ ነው፤ ተራኪ ቁጭ ብሎ ታሪክ ከሚያወራ ነገሩ በሰበር ዜና ይነገር። ወረራውም ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ይምጣ።

የት ይውረዱ? ኮክ የኒውጀርሲን ካርታ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እርሳስ ጣለ። እርሳሱ ያረፈው ግሮቨርስ ሚል የምትባል ማንም የማያውቃት የገጠር መንደር ላይ ነው። አጠገቧ ፕሪንስተን አለ። ጥሩ፣ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ሳይንቲስት የሚሆን ገጸ ባሕርይ ከዚያ ይመጣል። ሳይንቲስቱን ራሱ ኦርሰን ዌልስ ተጫወተው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የትይዩ ዓለሙን አሠራር አስተውሉ። ከመንደሯ ወደ ኒውዮርክ የሚወስዱት መንገዶች እውነተኛ ናቸው። የከተሞቹ ስም እውነተኛ ነው። የሲቢኤስ የሕግ ክፍል ይህን አይቶ ደነገጠና የተቋማት ስሞች እንዲቀየሩ አዘዘ። አንድ እውነተኛ ሆቴል የፈጠራ ስም ወጣለት፤ የኒውጀርሲ ብሔራዊ ዘብ "የክፍለ ግዛቱ ሚሊሺያ" ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ድራማ ውስጥ እንዳይገባም ተከለከለ። እነሱ ግን ምን አደረጉ? ንግግሩን ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሰጡት፣ ሚኒስትሩን የሚጫወተው ኬኔት ዴልማር ደግሞ ድምፁን ቁርጥ የሩዝቬልት አድርጎ ተናገረ። በወረቀት ላይ ትእዛዙ ተፈጽሟል። ቢሮክራሲ ያለበት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ይህቺን ዘዴ ያውቃታል።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የዘጋቢው ነገር ነው። ቦታው ላይ ሆኖ ወረራውን የሚዘግበውን ጋዜጠኛ የተጫወተው ፍራንክ ሪዲክ ይባላል። ለልምምድ ብሎ ከሲቢኤስ ቤተ መዛግብት አንድ ሸክላ አውጥቶ ደጋግሞ አደመጠ። ሸክላው ሂንደንቡርግ የተባለው የጀርመን አየር መርከብ በሜይ 1937 ሲቃጠል በቦታው የነበረው ሬዲዮ ጋዜጠኛ ኸርበርት ሞሪሰን ያስቀረጸው ነው። ሞሪሰን ተራ የማረፍ ሥነ ሥርዓት ሊዘግብ ሄዶ፣ መርከቡ ዓይኑ እያየ ሲነድ ድምፁ ይሰበራል፣ ያለቅሳል፣ መናገር ያቅተዋል። 36 ሰው ሞቷል። አደጋው የደረሰውም እዚያው ኒውጀርሲ ነው። ሪዲክ የኮረጀው ቃላቱን አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲሰበር ድምፁ እንዴት እንደሚሆን ነው የወሰደው።

አሁን ድራማው ሲጀመር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መጀመሪያ የልቦለድ ድራማ መሆኑ በግልጽ ይነገራል። ከዚያ የአየር ጠባይ ዘገባ። ከዚያ ከሆቴል የሚተላለፍ የዳንስ ሙዚቃ። ሙዚቃው ይቋረጥና "ማርስ ላይ ፍንዳታ ታይቷል" የምትል አጭር ዜና። ተመልሶ ሙዚቃ። አሰልቺ ነው። ሆን ተብሎ ነው አሰልቺ የሆነው! በልምምዱ ጊዜ ሌሎቹ "ይጠር፣ ሰው ይሰለቻል" ሲሉ ኦርሰን ዌልስ ሙዚቃውን ያስረዝመው ነበር። እውነተኛው ሬዲዮ አሰልቺ መሆኑን አውቆታል። ቀስ በቀስ ዜናው ሙዚቃውን ይበላዋል። ዘጋቢው መንደሯ ላይ ደርሶ፣ ሰዉ እየተጋፋ፣ ፖሊስ "ወደ ኋላ!" እያለ፣ ከወደቀው ነገር ውስጥ የሚወጣውን ፍጡር ሲገልጽ፣ እሳቱ ወደ እሱ ሲመጣ… መሥመሩ ይቆረጣል። ዝምታ። ወደ ስድስት ሴኮንድ የሚጠጋ ዝምታ። ሬዲዮ ላይ ስድስት ሴኮንድ ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የጣቢያ ቴክኒሻን ጠይቁ። ከዚያ ቀዝቃዛ የስቱዲዮ ድምፅ ይመጣና በቴክኒክ ችግር ምክንያት መቀጠል አልተቻለም ይላል። ፒያኖ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። 7,000 የታጠቀ ሰው አንዲት ማሽን ላይ ዘምቶ 120 ብቻ ይተርፋል። ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ይነሳሉ፣ ይጠፋሉ። ጥቁር ጭስ ኒውዮርክ ላይ ይወርዳል። ሕንፃ ጣሪያ ላይ የቆመው የመጨረሻው ዘጋቢ ሰዉ እንደ ዝንብ እየረገፈ መሆኑን እያወራ ድምፁ ይጠፋል። በመጨረሻ አንድ የሬዲዮ አማተር ብቻውን አየር ላይ ሰው እየተጣራ ይቀራል፤ የሚመልስለት የለም።

ይህ ሁሉ በ40 ደቂቃ! ከማርስ ተነሥተው፣ መሬት ደርሰው፣ ጦሩ ተጠርቶ፣ ተዋግቶ፣ ተደምስሶ፣ ኒውዮርክ ጠፍታ፣ 40 ደቂቃ። የእጅ ሰዓቱን ያየ ሰው ወዲያው ይነቃ ነበር። ግን ማን ሰዓቱን ያያል?

የፈሩት ለምን ፈሩ? እዚህ ላይ አስተማሪ ነኝና ታገሡኝ። ድራማው የተላለፈው የሙኒክ ስምምነት በተፈረመ ልክ በወሩ ነው። በሴፕቴምበር 1938 አውሮፓ ጦርነት አፋፍ ላይ ነበረች፤ ሂትለር የቼኮዝሎቫኪያን ሱዴተንላንድ አምጡ ብሏል። የሲቢኤሱ ኤች. ቪ. ካልተንቦርን ስቱዲዮው ውስጥ አልጋ ዘርግቶ እያደረ በየሰዓቱ ሙዚቃ እያቋረጠ ዜና ይናገር ነበር። አሜሪካዊ "ይህን ፕሮግራም የምናቋርጠው…" የሚለውን ቃል ከእውነተኛ ፍርሃት ጋር ያቆራኘው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ስለዚህ የዌልስ ቡድን ዜና መሰል ነገር ሲሠራ፣ ሰዉ ጆሮ ውስጥ ቀድሞ የተቆፈረ ቦይ ነበር፤ እነሱ ውኃውን ለቀቁበት።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው "ማርስ" የሚለውን አልሰማም ወይም ሰምቶ አላመነም፤ ጀርመኖች በመርዝ ጭስ መጡብን ብሎ ነው የተረዳው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌው ዌልስ በ1898 ጥቁሩን ጭስ ሲጽፍ ገና ፈጠራ ነበር። በ1915 ኢፕር ላይ እውነት ሆነ። በ1935 እና 36 ደግሞ የጣልያን አውሮፕላኖች እኛው አባቶችና እናቶች ላይ ከሰማይ አፈሰሱት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ይህንኑ ለዓለም ተናገሩ። ኒውጀርሲ ያለ ሰው ያን ምሽት "ጭስ ከሰማይ እየወረደ ነው" ሲባል የሰማው ከሌላ ፕላኔት የመጣ ቅዠት ብቻ አልነበረም፤ በእሱ ዕድሜ በዚህችው መሬት ላይ፣ በእኛ ሰው ላይ የተደረገ ነገር ነው። ድራማው ግን ሲደረስ ስለ እኛ ያሰበ አለ ማለቴ አይደለም። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ለመናገር ያህል ነው።

ከዚያም የአጋጣሚ ነገር። ብዙዎች ኤንቢሲ ላይ አሻንጉሊቱን ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ዘፈን ሲገባ ጣቢያ ሲቀይሩ ነው መሐል ላይ የደረሱት። መክፈቻውን አልሰሙም። በዋሽንግተን ግዛት ኮንክሪት በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ ድራማው እየተላለፈ እያለ መብራት ጠፋ። በአጋጣሚ ነው፤ የኤሌክትሪክ ብልሽት። እኛማ መብራት ሲጠፋ ማርስን አንጠረጥርም፣ ማንን እንደምንጠረጥር እናውቃለን። የኮንክሪት ሰዎች ግን ምን ያድርጉ?

አንድ ደብዳቤ አለ፣ ባነበብኩት ቁጥር ሆዴን የሚበላኝ። አንድ ሰው ጫማ ሊገዛ ገንዘብ ያጠራቅም ነበር። ድራማውን ሲሰማ ከቁጠባው 3 ዶላር ከ25 ሳንቲም አውጥቶ የሽሽት ቲኬት ገዛ። 60 ማይል ከሄደ በኋላ ድራማ መሆኑን ሰማ። አሁን የጫማ ገንዘብ የለኝም፣ እባካችሁ ጥቁር ጫማ ላኩልኝ ብሎ ቁጥሩን ጨምሮ ጻፈ። በመቶ ሺዎች ዶላር ካሳ የጠየቁ ከሳሾች ሁሉ አንዳች አላገኙም። የጣቢያው ጠበቆች ለማንም እንዳትከፍሉ ቢሉም ለዚህ ሰው ግን ጫማው እንደተላከለት የቡድኑ ፕሮዲውሰር ጆን ሃውስማን ጽፏል።

እስከዚህ ያለው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ወይም የምትገምቱት ነው። አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እንመለስ፤ አሜሪካ ሙሉ ተሸብራለች ወይ?

በማግስቱ ኒውዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ አድማጮች ድራማውን እውነት መስሏቸው ተሸበሩ ብሎ አወጣ። በመላ አገሪቱ ያሉ ጋዜጦችም ተከተሉ። ሰው መኪናውን ይዞ ሸሸ፣ ሆስፒታል ሞላ፣ መንገድ ተዘጋ። እኛ ዛሬ ድረስ የምንተርከው ይህን የጋዜጣ ታሪክ ነው። ነገር ግን ያን ምሽት ሁፐር የተባለ የአድማጭ ቆጣሪ ድርጅት ወደ 5,000 ቤት ስልክ ደውሎ ምን እያዳመጣችሁ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። የዌልስን ፕሮግራም ነው ያሉት 2 በመቶ ናቸው። 2 በመቶ! የቀረው ወይ አሻንጉሊቱን እየሰማ፣ ወይ ሬዲዮ ዘግቶ እራቱን እየበላ ነበር።

"ታዲያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈርቷል የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?" ትሉኝ ይሆናል። ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ሃድሊ ካንትሪል ነው። በ1940 ባሳተመው ጥናት 6 ሚሊዮን ሰው ሰምቷል፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ደንግጧል ብሎ ገመተ። ስታነቡት ግን በጥልቀት ያነጋገራቸው 135 ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ከ100 በላይ የሚሆኑት የተመረጡት ቀድሞውኑ መደንገጣቸው ስለታወቀ ነው፤ አብዛኞቹም እዚያው ኒውጀርሲ ነዋሪ ናቸው። ይህ እንግዲህ መርካቶ ገበያ መሐል ቆሞ "አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው ነው ነጋዴ?" ብሎ እንደመቁጠር ነው። ተማሪዎቼ ናሙና ስለ መምረጥ ስጨቀጭቃችሁ የነበረው ለዚህ ነበር።

በጋዜጦቹ የወጣ አንድ ዝነኛ ፎቶም አለ፤ የግሮቨርስ ሚል ሽማግሌ ገበሬ ጠመንጃ ደግኖ የማርስን ወራሪ ሲጠብቅ። ፎቶው የተነሣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፣ ለፎቶ ተብሎ። ጋዜጠኞቹ እንዲህ ያጋነኑበት ምክንያት ድብቅ አይደለም። በኢኮኖሚ ቀውሱ ዓመታት ሬዲዮ የጋዜጦችን ማስታወቂያ ወስዶባቸዋል፣ ዜናውንም ቀድሞ እየተናገረ ገበያቸውን ዘግቶባቸዋል። "ተመልከቱ፣ ሬዲዮ አይታመንም!" ለማለት ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኙም። ይህ ማለት ማንም አልፈራም ማለት አይደለም። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቀመጡት ለዌልስ የተጻፉ ከ1,000 በላይ ደብዳቤዎች ታይተዋል፤ ከልባቸው የፈሩ ሰዎች አሉባቸው። የሚበዙት ጸሐፊዎች ግን አልፈሩም፤ ከፊሎቹ እንዲያውም ድራማውን ወደውት ነው የጻፉት። እኔ የምለው፣ ፍርሃት ነበር፣ አገር አቀፍ ሽብር ግን አልነበረም። ሽብሩን በአብዛኛው የሠሩት ጋዜጦቹ ናቸው።

አሁን ደግሞ ማንም ብዙ የማያወራላትን ከተማ ልውሰዳችሁ። ምክንያቱም ይህ ድራማ አንድ ቦታ ላይ እውነተኛ ሬሳ አስቆጥሯል፤ ቦታው ግን አሜሪካ አይደለም።

የዌልስ ድራማ ከታወቀ በኋላ የሌሎች አገሮች ጣቢያዎች እየቀዱ በራሳቸው መልክ ሠሩት። በ1944 ቺሊ ውስጥ ተሠራ፣ እዚያም ሰው ደነገጠ። ከዚያ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1949፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ። ጣቢያው ራዲዮ ኪቶ ይባላል፤ ባለቤቱ ኤል ኮሜርስዮ የተባለው የአገሪቱ ትልቅ ጋዜጣ ነው፣ ሁለቱም አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው። የድራማው አዘጋጅ ሊዮናርዶ ፓዬዝ ነው፤ አብሮት ኤድዋርዶ አልካራዝ የሚባል ቺሊያዊ አለ።

ስቱዲዮ ውስጥ ኪቶ የምትወዳቸው ሁለት ድምፃውያን፣ ቤኒቴዝ እና ቫሌንሲያ፣ እየዘፈኑ ነበር። ዘፈኑ መሐል ላይ ተቆረጠ። ሰበር ዜና፤ ከኪቶ በስተደቡብ ያለችው ላታኩንጋ ተደምስሳለች፤ ጠላት ወደ ዋና ከተማዋ እየመጣ ነው። አየር ኃይሉ ጣቢያ ተያዘ። የሚኒስትሩን ድምፅ የሚያስመስል ተዋናይ ሕዝቡ እንዲረጋጋ ጠየቀ። የከንቲባውን ድምፅ የሚያስመስል ሌላው፣ ሴቶችና ሕፃናት ወደ ተራራው እንዲሸሹ፣ ወንዶች ለመከላከል እንዲዘጋጁ አዘዘ። የቄስ ጸሎት ተሰማ። የቤተ ክርስቲያን ደወልም።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ኒውዮርክ ላይ ድራማ መሆኑ መጀመሪያ ተነግሯል፣ መሐል ላይ ተነግሯል፣ መጨረሻም ተነግሯል። ኪቶ ላይ መጀመሪያ ምንም አልተባለም። ሕዝቡ ደግሞ ከ8 ዓመት በፊት፣ በ1941፣ ከፔሩ ጋር ተዋግቶ የተሸነፈ፣ ሰፊ መሬት ያጣ ሕዝብ ነው። ወረራ ማለት ለእሱ የሚያውቀው ነገር ነው። ሰዉ በሌሊት ልብሱ ወደ ጎዳና ወጣ። ቤተ ክርስቲያኖች ሞሉ። ፖሊስና ወታደር ወራሪውን ሊገጥም ወደ ኮቶኮላዮ፣ ከከተማው ሰሜን ወዳለው ሰፈር፣ ተላከ።

ጣቢያው ውጪ የሚሆነውን ሲያይ ደንግጦ "ድራማ ነው፣ ልብ ወለድ ነው" አለ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ሰዉ እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ አልሄደም። ተቆጣ። ወደ ሕንፃው ሄደ፣ ድንጋይ ወረወረ፣ ከዚያ እሳት ለኮሰ። የማተሚያ ቤት ወረቀትና ቀለም ያለበት ሕንፃ ስለሆነ ነደደ። ውስጥ በርካታ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከፊሎቹ በጓሮ አመለጡ፣ ከፊሎቹ ከፎቅ ዘለሉ። ለእርዳታ የሚጠራው ኃይል ደግሞ የት ነው? ኮቶኮላዮ፣ ማርስን ሊዋጋ ሄዷል! ተመልሶ እስኪመጣ ሕንፃው አበቃ። ቢያንስ 6 ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያ አብልጠው የሚቆጥሩም አሉ። ፓዬዝ አገሩን ለቅቆ ቬኔዝዌላ ገባ፣ ሕይወቱ ያለፈውም እዚያ ነው።

ስለ ኪቶ የሚጽፉ አንዳንዶች "ያልተማረ ሕዝብ" ብለው ሊያልፉት ይፈልጋሉ። ይህን አልቀበልም። የኪቶ ሰው ሕንፃውን ያቃጠለው ማርስ መጣች ብሎ አይደለም፤ ማርስ አለመምጣቷን ካወቀ በኋላ ነው። ያመነው ድምፅ፣ የየዕለት ጋዜጣውን የሚሰጠው ቤት፣ ሚኒስትሩንና ቄሱን አስመስሎ እንደተጫወተበት ሲያውቅ ነው። ግድያውን እያጸደቅኩ አይደለም፤ ሕንፃው ውስጥ የሞቱት ያን ምሽት በሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ግን ፍርሃትና መታለል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ እንደ ኪቶ የሚያሳይ የታሪክ ገጽ አላውቅም። የጭፍጨፋ ወሬ በሀሰተኛ ድምፅ በቴሌግራም የደረሰው፣ ሌሊቱን ልጆቹን ይዞ የሸሸ፣ ነግቶ ውሸት መሆኑን የሰማ ሰው መካከላችሁ ካለ የማወራው ይገባዋል።

ኒውዮርክ ላይ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኦርሰን ዌልስ በማግስቱ ጺሙን ሳይላጭ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። (ፊቱ ላይ ያለው ጸጸት ስንት በመቶው ትወና እንደሆነ ለእናንተ ልተወው፤ ሰውየው ተዋናይ ነው።) የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን መረመረ፣ አልቀጣም። ጣቢያዎቹ ግን ከዚህ በኋላ ድራማ ውስጥ የውሸት ሰበር ዜና አንጠቀምም አሉ። ስፖንሰር ያልነበረው ፕሮግራም በዲሴምበር ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ ስፖንሰር ሆነለት። ቀጥሎ ሆሊውድ ጠራው፤ በ1941 "ሲቲዝን ኬን" የተባለውን ፊልም ሠራ። ግሮቨርስ ሚልም በ1988፣ በ50ኛ ዓመቱ፣ ማርስ ያረፈችበት ብላ ሐውልት አቆመች።

ሁለቱ ዌልሶች ኦክቶበር 28 ቀን 1940 ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ውስጥ ተገናኝተው በሬዲዮ አብረው ቀርበዋል። ያኔ የሽማግሌው ዌልስ ከተማ ለንደን በእውነተኛ ቦምብ ስትደበደብ ሁለተኛ ወሯን ይዛለች።

የ1938ቱ ቅጂ ሙሉውን፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። ከሰማችሁት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አትዝለሉ። ብዙ ሰው "ተላለፈ፣ ሰዉ ደነገጠ" ሲል የሚረሳት ነገር እዚያ አለች። ድራማው የተላለፈው በ1938 ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚሆነው በ1938 አይደለም። ተራኪው ዘመኑን 1939 ያደርገዋል፣ የኦክቶበር መጨረሻ። በዚያ በእነሱ ትይዩ 1939 ንግድ ደህና ነው፣ ሥራ አጥ የነበሩት ወደ ሥራ ተመልሰዋል፣ የጦርነቱ ስጋትም አልፏል። ማርስ እስክትመጣ ድረስ ዓለም ሰላም ናት። በእውነተኛው 1939 ኦክቶበር ሲያልቅ ፖላንድ ከተወረረች ሁለት ወሯ ነበር።